ሁለት ጊዜ የፈላው ውኃ

የሦስት ወሯ ሕፃን ሰውነቷ ጠቁሮ ሞታ ተገኘች። ጡጦውን ያጠባቻት አክስቷ ነበረች።

መርማሪው ሲገባ ግድግዳው ሳይቀር ሊናዘዝ ምንም አልቀረው። ይህ ሰው በአንድ እይታ ሰባት ነፍሰ ገዳይ ያስለቀሰ ነው፤ እንዲያውም ስምንት ናቸው።

«እኅቴ ናት» አለች እናት። «መውለድ ስላልቻለች ቀናችብኝ። እሰሯት።»

መርማሪው ወደ አክስት ዞረ።

«ጡጦውን እንዴት አዘጋጀሽው፣ እኅቴ?»

«የጉድጓዱን ውኃ አፈላሁት። እንዲጠራላት ብዬ ደገምኩት፤ ግማሹ እስኪተን። በዚያው የዱቄት ወተቱን በጠበጥኩ።»

«እናንተስ ትጠጡታላችሁ?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ!» አሉ አያትየው ከበሩ ሥር። «እኔን ያየ ውኃው ይገድላል ይላል? በሬ ነኝ እኮ።»

መርማሪው ከጉድጓዱ ቁልቁል ወደ ጅረቱ ወረደ። ዝናብ ከጠፋ አራት ወር ሆኖታል፤ ከእርሻ ጠርጎ የሚወርድ ጎርፍም የለም። ጅረቱ ግን ከምንጩ አፍ ጀምሮ እስከ ሐይቁ ድረስ በአረንጓዴ አልጌ ተሸፍኗል። መመርመሪያ ወረቀቱን በምንጩም በጉድጓዱም ነከረ፤ ሁለቱም ቀሉ። ሽቅብ አየ። ከጉድጓዱ በላይ አንዲት ቁራሽ መሬት ብቻ ሣሯ ጉልበት ድረስ ደርሷል።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበ።

«አባባ፣ ጅረቱ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሦስት ዓመት። ዓሣውም ያኔ ጠፋ።»

«ከጉድጓዱ በላይስ ምን ቀብረዋል?»

«ማዳበሪያ። የመጋዘን ኃላፊ ሳለሁ ዝናብ ያበላሸው አርባ ከረጢት። አለቆቼ ወንዝ ውስጥ ጣለው አሉኝ። ዓሣው ያልቃል ብዬ ቀበርኩት።»

መርማሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማዳበሪያው ሟሟ፣ አባባ፤ ወረቀቴን ያቀላው የእሱ ናይትሬት ነው። ከመሬት ሥር ያለው ውኃ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ይዞት ወርዶ ጉድጓዱ ገባ፣ በምንጩ ወጣ፤ ጎርፍ በሌለበት ወር ጅረቱን እስከ ሐይቁ አልጌ የሚያለብሰው እሱ ነው። ትልቅ ሰው ይችለዋል። የሕፃን ደም ግን አየር መሸከም ያቅተዋል። ሐኪሙ ከሕፃኗ የቀዳው ደም ቡና መስሏል፤ ሌላ መርዝ የለበትም። ማፍላት ደግሞ ጀርም ይገድላል እንጂ ይህን አያወጣም፤ ውኃው ባነሰ ቁጥር እሱ ይበረታል።»

«ደግሜ ነው ያፈላሁት» አለች አክስት።

«ሳስተሽላት ነው። አባባም ለዓሣው ሳስተው።»

«መቼ ይጠራል?» አሉ ሽማግሌው።

«በዕድሜዎ አያዩትም።»

እናት ከተቀመጠችበት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች። «ነይ» አለች እኅቷን።

ሽማግሌው አካፋ ይዘው ወጡ። ያ ስምንት ያስለቀሰ ሰው ዓይኑን ጠርጎ ተከተላቸው። እስኪመሽ ቆፈሩ። የላስቲክ ከረጢቶቹ አልበሰበሱም፤ አንድ በአንድ አወጧቸው።

ሁሉም ባዶ ነበሩ።