በሀጂ ኑር ድልድይ የተሻገረ ሙሽራ

ጂን ምናምን ሲሉኝ ከት ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ፤ የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና ስመላለስ ያረጀሁ ሹፌር ነኝ፣ በረሃ ላይ ብቻዬን አድሬ የፈራሁት ነገር ቢኖር የጎማ መፈንዳት ብቻ ነው። ይኼን ግን በዓይኔ አየሁት፣ እመነኝ።

የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሥራ ካቆመ ብዙም ሳይቆይ ነው፣ ጓደኛዬ ደሳለኝ ሊያገባ፣ እኔ አንደኛ ሚዜ። እዚያው ጅቡቲ ከተማ፣ እኛ ዋራበሌ ሰፈር፣ ሙሽሪት ካርቲየ 7 ቢስ የሚባለው ሰፈር፣ መሀላችን የአምቡሊ ወንዝ። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ የነበረው ወንዝ ሌሊቱን ዘንቦ ጢም ብሎ ሞልቶልሃል! ትልቁን ድልድይ ፖሊስ ዘግቶታል፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ሙሽሪትን ይዘን ቤተ ክርስቲያን ካልደረስን ደግሞ ተክሊሉ ቀረ ማለት ነው፣ ደሳለኝ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ጎህ ሲቀድ በዝናቡ በወንዙ ዳር ዳሩን ስንሄድ የእግረኛ ድልድይ አየን። የሀጂ ኑርን ድልድይ በስም የማያውቅ የለም፤ ሰውየው ከባቡር ሐዲድ የተጣለ እንጨትና ብረት ለቃቅመው የሠሩት ነው፣ ወንዙ በሞላ ቁጥር እያስከፈሉ ሰው ያሻግሩበታል፣ ትልቁ ድልድይ ተሠርቶ ገበያው ቢሞትም ከቦታቸው አልተነቃነቁም ይባላል። እኔ የማልፈው በመኪና ነው፣ አይቻቸው አላውቅም።

ድልድዩ አፍ ላይ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው መንገድ ዘግተዋል። እኛ ምን መሰለን? የሙሽሪት ወገኖች ሚዜን አናስገባም እያሉ በር የሚይዙበትን ጨዋታ እዚህ ድረስ ያወረዱት! አጨበጨብን፣ እስክስታ ወረድን፣ እኔ ለበረኞቹ የያዝኩትን ሽቶ እላያቸው ላይ ረጭቼ ጨረስኩት። «አባባ፣ በሞቴ ይልቀቁን!» አልኳቸው። ሽማግሌው ከልባቸው ሳቁና ዞር አሉልን። ስንሻገር እንጨቱ ከእግራችን ስር ቋ ቋ ይላል፣ ያ ሁሉ ውሃ ግን ድምፅ የለውም። እኛ በዝናብ በስብሰን የሳቸውን ሽርጥ ጠብታ አልነካውም። ያኔ ማን ልብ ይላል?

ሙሽሪት ቤት በሩ ተዘጋብን። «ሽቶ አምጡ!» አሉን።

«ድልድዩ ላይ ላቆማችኋቸው ሽማግሌ ጨረስኩት» ስል የሙሽሪት አባት ጋሽ ታደሰ ብቅ አሉ።

«የምን ድልድይ?»

«የሀጂ ኑር ነዋ!»

«አንተ ልጅ፣ በጠዋቱ ጠጥተሃል? ድልድዩንም ሰውየውንም ጎርፍ ከወሰዳቸው ስንት ዘመን ሆነው!»

ዘፈኑ ቀጥ አለ። ጋሽ ታደሰ ትልቁ ድልድይ መዘጋቱን ስለሚያውቁ አንዴ ጫማችንን፣ አንዴ ፊታችንን አዩና «ሀጂ ካሻገሯችሁማ እኔ ማን ሆኜ ላግዳችሁ? ግቡ!» ብለው በሩን ወለል አደረጉት፣ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ለቅዳሴው ደረስን፣ ሙሽሮቹ አክሊላቸውን ደፉ፣ እኔም ጨፈርኩ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከሰዓት ድግሱ ላይ የሙሽሪት ጎረቤት አሚና ወደ ጎን ሳበችኝ። የሀጂ ኑር ልጅ ናት፣ ወሬው ደርሷታል፣ ልትቆጣኝ ነው ብዬ ነበር።

«አባቴ ደህና ነው?» አለችኝ። «ከስቷል?»

«ኧረ ደህና ናቸው፣ ምንም አልሆኑም» አልኳት፣ ምን እያልኩ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

«ወንዙ በሞላ ቁጥር ወርጄ እጠብቀዋለሁ» አለች። «እኔ ልጁ አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። ለእናንተ እንዴት ታያችሁ?»

እስከ ዛሬ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ያቺ ሴት ወንዙ ዳር ቆማ ትታየኛለች፣ አባቷ ይምጡላት እንዳልል፣ ወዳጄ፣ መጥተው እሷንም ወደሄዱበት እንዳያሻግሯት እፈራለሁ።