ጄኔሬተሩ መጋዘን የገባ ዕለት

አልታዬ የመጋዘኑን በር ከውጭ ቀረቀረችና ጀርባዋን አስደገፈችበት። ደስታዋ ከደጎሎ እስከ ማሻ ላለ ሕዝብ ቢታደል ይተርፍ ነበር።

ከሦስት ቀን በፊት የእርዳታ እህል መዝጋቢው ምናለ፣ አገር በተሰለፈበት ስልቻዋን ነጥቆ ወርውሮባታል። «ይቺ ሌባ ትናንት ወስዳለች! ዞር በይ!» አልወሰደችም። የዚያን ቀን ታናሽ እኅቷ ውኃ ጠጥታ ተኛች። አልታዬም ተራራ የሚሰነጥቅ መሐላ ማለች።

ዛሬ ከሰዓት ምናለ አደባባይ ላይ ስለ አብዮቱ ሊናገር ነው። ሁለት ዓመት የጠፋው ዝናብ ግን ዛሬ ባንድ ጊዜ ወረደ፤ ኖኅ ራሱ «ምነው?» የሚልበት ዓይነት። ምናለም የድምፅ ማጉያው ጄኔሬተር እንዳይርስ ብሎ መጋዘን ከተተው፤ መስኮቱን በባዶ ጆንያ ወትፎ እሱም ውስጥ ሆኖ በሩን ዘጋ።

«ኧረ ደጅ አድርገው፣ ጭሱ!» ብትለው ዘማቿ ተማሪ ብርሀንነሽ፣ «ከሰል መሰለሽ እንዴ? ፍም የለው፣ ምን ያፍናል!» ብሎ ሳቀባት።

ጄኔሬተሩ ሲያጓራ እስከ ከላላ ድረስ ያሉ በቅሎዎች ገመድ በጠሱ። በማጉያው ምናለ ይጮኻል፤ «ሙከራ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

«ቁጠር!» አለች አልታዬ። «ስብሰባው እስኪበተን አትወጣትም።»

መቶ ጊዜ ሳይቆጥር አልቀረም። ከዚያ፣ «አንድ... ራሴን... ሁለት...»

ማጉያው ዝም አለ። ጄኔሬተሩ ግን ማጓራቱን አላቆመም።

በበሩ ስንጥቅ የሚወጣው ጭስ ጉሮሮዋን ከረከራት። አምና አክስቷ በለጡ በር ዘግታ ከሰል ብታነድ፣ በሸክም ነው የወጣችው። ለካ ፍም የሌለውም ያፍናል!

እጇ መቀርቀሪያው ላይ ቀረ። ማንም አላያትም። ዱካዋን ዝናቡ ያጥበዋል። «ሌባ» የሚለውን ስም ግን ምን ያጥበዋል? እሱ ከሞተ ማን ያነሣላታል?

መቀርቀሪያውን ሳበችው።

«እትዬ ብርሀንነሽ! ድረሽ!»

ትንፋሿን ይዛ ገባችና ዐሥር ጎረምሳ የማያነቃንቀውን ሰውዬ በእግሩ ጎተተችው። ብርሀንነሽ ደርሳ ጭቃው ላይ አጋደመችው፤ የመስኮቱን ጆንያ ከውጭ መዝዛ ጣለች። «ማንም እንዳይገባ! ነዳጁን ጨርሶ ይጥፋ!» እያለች ሰው ልትጠራ ሮጠች።

ምናለ አስታወከ። ዓይኑን ገለጥ አደረገ። «ማነው... የቀረቀረብኝ?»

«እኔ ነኝ። ያወጣሁህም እኔው ነኝ። ስትድን ሰልፉ ፊት ቆመህ ‹አልወሰደችም› ትላለህ። ሞተህማ አታመልጠኝም!»

ዓይኑን መልሶ ጨፈነ። አልታዬ ዝናቡ እየወረደባት አጠገቡ ተቀመጠች፤ ደረቱ ላይ እጇን አኑራ ትንፋሹን መቁጠር ጀመረች።

«አንድ። ሁለት። ሦስት።»