ዝቅ ብሎ የተቃኘው ጊታር

በዚያ ቤት ውስጥ ሁለት ድምፆች አብረው ይኖሩ ነበር። አንዱ በመስኮቱ ሥር ከማለዳ ጀምሮ ሲንቀጫቀጭ የሚውለው የእናት የስፌት መኪና ነው። ሌላው፣ አናጺው አባት ከሥራ ሲገባ ከመኝታ ክፍሉ የሚሰማው ጊታር ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ስለነበር አንደኛው ድምፅ ሌላውን ሳይጋፋ አያልፍም። እናት የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ትሰፋለች፤ ኮሌታና ኪስ ደግሞ ልብ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጊታሩ በተጀመረ ቁጥር ከወንበሯ ሳትነሣ እጇን ዘርግታ የመኝታ ክፍሉን በር ገፋ ታደርገውና ትዘጋዋለች። ያንን በር ባትዘጋው ኖሮ! ግን ሰው ነገ የሚቆጭበትን ነገር ዛሬ በምን ያውቀዋል?

ጊታሩ አንድ የአናጺው ደንበኛ ቤት ሲቀይር ትቶለት የሄደ አሮጌ ዕቃ ነበር። አባት የተሰነጠቀ ሆዱን በሙጫ ገጠመው። የአምስት ዓመት ሴት ልጁ እጅ እንዲጨብጠው አንገቱን ከጀርባው በኩል በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ፍቆ አቀጠነው። ልጅቷ ስትቀመጥ እግሯ መሬት እንዲነካላት ከቁርጥራጭ እንጨት አጭር በርጩማ ሠራላት። ከስድስቱ ክሮች ሦስቱን ፈትቶ አወጣና ሦስቱን ብቻ ተወላት፤ ለሦስቱም ስም አወጣላቸው፦ ወፍራሙ አያ ዝሆን፣ መካከለኛው እትዬ በግ፣ ቀጭኑ ወይዘሪት ትንኝ። ጣት የሚያርፍበትን ቦታ ሁሉ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረገበት።

«የጥፍር ቀለሜን ማነው የጨረሰው?» ብላ እናት ባዶውን ብልቃጥ ይዛ መጣች።

«አያ ዝሆን ነው፣ እማዬ!» አለች ልጅቷ። «ሠርግ አለበት!»

አባት ሳቁን ማፈን አቅቶት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጅቷን «ፌንጣ» ይላታል፤ አንድ ቦታ ረግታ መቀመጥ አታውቅምና። የሚዘፍኑትም ዘፈን እሱ ራሱ ለእሷ ብሎ የፈጠረው ነበር፦

ፌንጣ ጫማ ገዛች፣
ስድስት እግር አላት፤
ሦስቱን አጠለቀች፣
ሦስቱ ግን ጠበቧት።

በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ክልክል ቃል ነበር። አናጺው ጊታር የተማረው ከገዛ አባቱ ነው፤ አባቱም በእያንዳንዱ ስሕተት ጣቶቹን በማስመሪያ ይመታው ስለነበር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው መጫወቱን ትቶ ለሃያ ዓመት ጊታር ሳይነካ ኖረ። ስለዚህ በእሱ ቤት «ተሳሳትሽ» አይባልም። የልጅቷ ጣት ከቀዩ ነጥብ ሲስት «ሌላ መንገድ ሄድሽ፤ ደግ አደረግሽ፣ አገር አየሽ። በይ አሁን ወደ ቤት እንመለስ» ይላታል።

«አባዬ፣ ስጨርስ ሙዚቀኛ እሆናለሁ?»

«አትጨርሺማ! ጨዋታ ያልቃል እንዴ?»

ወይ አባት... ጨዋታው አያልቅም፤ ተጫዋቹ ግን?

በሽታው የመጣው በሳል ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የማገው የእንጨት ብናኝ ሳንባው ውስጥ ቤት ሠርቶ ኖሯል። መጀመሪያ ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ መቆም ጀመረ። ከዚያ መጋዙን መግፋት አቃተው። የአናጺ ቤቱ ጌታ፣ አሥራ አምስት ዓመት አብሮት ሲስቅ የኖረው ሰው፣ መሰናበቱን በአፉ ሊነግረው እንኳን አልመጣም፤ መዶሻውንና መላጊያውን በጆንያ አስሮ በሌላ ሠራተኛ እጅ ላከለት። አባት ጆንያውን ሳይፈታ ከአልጋው ሥር ከተተው። እናትም የምትሰፋውን ልብስ እጥፍ አደረገችው፤ መኪናው ቀኑን ሙሉ ይንቀጫቀጫል፣ በሩም ቀኑን ሙሉ ይዘጋል። ከበሩ ማዶ ግን ፌንጣዋ ጫማ መግዛቷን አላቆመችም።

አንድ ቀን እናት መርፌው ተሰብሮባት መኪናዋ ዝም ባለበት ቅጽበት ከወዲያ በኩል ሳሉን ሰማችው፤ ከሳሉም ቀጥሎ ዘፈኑን። ደሟ ፈላ። በሩን በርግዳ ገባች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሐኪሙ ዕረፍ አላለህም? የቀረችህን ትንፋሽ ለፌንጣ ጫማ ልትጨርሳት ነው?»

አባት ቀና ብሎ አያት። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ዓይኑ ግን ይስቅ ነበር።

«ትንፋሽ እኮ፣ የኔ እመቤት፣ ቢያስቀምጡት አይጠራቀምም» አላት።

በሩን ዘግታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ስለ ጊታሩ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ምነው ያን ቀን አጠገቡ ብትቀመጥ! ምነው የተሰበረው መርፌ እስከ ማታ ሳይቀየር ቢቀር!

አናጺው የሞተው በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሆስፒታል ውስጥ ነው። እናት የውኃ ጠርሙሱን ሞልታ ልትመለስ ከክፍሉ ወጥታ ነበር፤ ስትመለስ ነርሷ መስኮቱን ስትከፍት አገኘቻት። ጠርሙሱን የት እንዳስቀመጠችው እስከ ዛሬ አታስታውስም።

ከቀብሩ በኋላ ልጅቷ አላለቀሰችም። ሰዉ ሁሉ «ሕፃን ናት፣ አልገባትም» አለ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግን ቦርሳዋን ጥላ በቀጥታ ወደ መኝታ ክፍሉ ትሄዳለች፣ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች፣ ጊታሩን ታቅፋ ትጫወታለች። በዝቅተኛ፣ በጎርናና ድምፅ እያንጎራጎረች ትከተለዋለች፤ የልጅ ጉሮሮ የማይደርስበት ሲሆንባት አፏን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። በሩ አሁን ክፍት ነው። እናት ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ሰማችው፤ ድምፁም አስደነገጣት። ክሮቹ ላልተዋል፣ ከእንጨቱ ጋር እየተጋጩ ይርገበገባሉ። የታመመ ሰው ማቃሰት መሰላት። «ለካ ይሄም እንደ ባለቤቱ ደክሟል» አለች በልቧ። ለልጇ የቀራት ደስታ ይህ ብቻ ነው፤ ታዲያ እንዴት ተሰብሮ እያየች ዝም ትበል? ልጅቷ ትምህርት ቤት በዋለችበት ቀን ጊታሩን በአንሶላ ጠቅልላ የሙዚቃ መሣሪያ ወደሚጠግኑት ሽማግሌ ወሰደችው።

ሽማግሌው አንዱን ክር በአውራ ጣታቸው መታ አደረጉና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይሄን ማነው የቃኘው? እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ አላልቶታል!»

«ባለቤቴ ነው» አለች። ከዚያም፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ እንደ ማፈር ብላ ፈገግ አለች። «አናጺ ነበር እንጂ ሙዚቀኛ አልነበረም።»

ያቺ ፈገግታ በኋላ ስንት ጊዜ አንገበገበቻት!

ሽማግሌው በቅንነት ሠሩት። አሮጌዎቹን ክሮች በመቁረጫ ቆርጠው ጣሉ፣ ስድስት አዳዲስ ክሮች ገጠሙ፣ በልኩ ቃኙት፣ አጸዱት። የጥፍር ቀለሙ ግን እንዳይነካባት እናት ለምና አስተወቻቸው። ልጅቷ ስትመጣ ጊታሩ አልጋው ላይ እያብረቀረቀ ጠበቃት። እናት ከበሩ ተደግፋ የደስታ ጩኸቷን ልትሰማ ቆመች።

ልጅቷ ተቀመጠች። ጣቷን በቀዩ ነጥብ ላይ አሳርፋ መታች። ድምፁ ጥርት ብሎ፣ ከፍ ብሎ ወጣ። ደግማ መታች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች፤ ከቀብሩ ወዲህ ያልወረደው እንባ በአንድ ጊዜ ወረደ።

«እማዬ... አባዬን የት ወሰድሽው?»

«የኔ ልጅ፣ ጊታሩ እኮ ነው፤ አሠራሁልሽ...»

«አባዬ እዚህ ውስጥ ነበረ! አብሮኝ ይዘፍን ነበረ! አሁን የለም! የት ጣልሽው?»

ጊታሩን አልጋው ላይ አስቀምጣ ጀርባዋን ሰጠችው። በማግሥቱ አልነካችውም፤ በሳምንቱም። ከትምህርት ቤት ስትመጣ በርጩማዋን ወደ ግድግዳው አዙራ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ፌንጣ የሚያሰኛት ነገር ሁሉ ጠፋ። እናት የስፌት መኪናዋን አቁማ ቤቱን ብታዳምጥ አንዳች ድምፅ የለም። ሰው አንድን ሰው ሁለት ጊዜ መቅበር ይችላል? እሷ ቀብራዋለች! በገዛ እጇ፣ ያውም በፍቅር!

ጊታሩን ተሸክማ ወደ ሽማግሌው ተመለሰች።

«አባባ፣ እንደ ነበረ ይመልሱልኝ።»

ሽማግሌው ነገሯን እስክትጨርስ ሰሟት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ባለቤትሽ ይዘፍን ነበር? ሳንባ ነበር የታመመው?»

«አዎ።»

«እንግዲያስ ቅኝት አጥቶ አይደለም፣ ልጄ። ትንፋሽ ሲያጥር ድምፅ ከፍ አይልም። ሰውየው ድምፁ በወረደ ቁጥር ጊታሩን አብሮ እያወረደው ነው። አባቷ መዝፈን አቅቶት እንዳታይ ብሎ... እኔ ነኝ ያልገባኝ። ይቅር በይኝ።»

እናት ወንበሩን ፈልጋ ተቀመጠች። ዓመት ሙሉ! አንዲት በር ብቻ በመካከላቸው ሆና፣ እሱ በየወሩ አንድ ደረጃ ሲወርድ፣ እሷ ኮሌታ ትሰፋ ነበር።

«የት ድረስ እንደነበር ያስታውሱታል?»

«ከየት ላስታውሰው? ከልጅቷ ጆሮ በቀር የሚያውቀው የለም።»

ሦስቱን ትርፍ ክሮች አወጡላትና ክር መወጠሪያውን እንዴት እንደምታዞር አሳዩአት። ቤት ተመልሳ አልጋው ላይ፣ ከልጇ በርጩማ ጎን ስትቀመጥ ከሰዓት ነበር። ጊታር በእጇ ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነው።

«ፌንጣዬ፣ እኔ አባዬን አላውቀውም፤ የት እንዳለ አንቺ ንገሪኝ። እኔ አያ ዝሆንን አላላለሁ፤ አንቺ ስሚ።»

ልጅቷ ፊቷን ከግድግዳው መለሰችና ዓይኗን ጨፈነች። እናት ትንሽ አዞረች፣ ክሩን መታች።

«ገና ነው።»

ደግማ አዞረች።

«ይሄ ሥራ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ገና ነው።» ደግማ አዞረች። «ይሄ ጆንያው የመጣ ቀን ነው።» ደግማ። «ይሄ ብርድ ልብስ ለብሶ ነው። ይሄ ትራስ ደግፎ ነው...»

እናት አለቀሰች፣ ግን እጇን አላቆመችም። በየአንዳንዱ ዙር ባሏ አንድ ደረጃ ሲወርድ እያየች ተከተለችው። ያልተቀመጠችባቸውን ቀኖች ሁሉ አንድ በአንድ አብራው ወረደች። ድምፁ እየጎረነነ፣ እየሳሳ ሄደ፤ በመጨረሻ ክሩ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች።

«አለፍሽው፣ እማዬ። እዚህ አባዬ የለም። ተመለሺ።»

ትንሽ አጠበቀችው።

«እዚህ ጋ! እዚህ ነው የሳቀው! አንቺ ተቆጥተሽ በሩን የዘጋሽ ቀን! ‹እናትሽ ስትቆጣ ታምራለች› ብሎ ሳቀ!»

እናት አፏን በእጇ ያዘች። ያን ቀን ከቀብሩ ጀምሮ ስትረግመው ኖራለች...

እትዬ በግንና ወይዘሪት ትንኝን ልጅቷ ራሷ ከአያ ዝሆን ጋር አስማማቻቸው። ከዚያ ጊታሩን አቅፋ መምታት ጀመረች፤ እናቷንም በክርኗ ነካ አደረገቻት። በሕይወቷ ዘፍና የማታውቀው ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። ፌንጣ ጫማ ገዛች... ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ለተራ ሴት ድምፅ የማይመች፣ የወንድ ቦታ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተሰበረባት።

«ተሳሳትኩ» አለች።

«አይባልም!» አለች ልጅቷ። «ሌላ መንገድ ሄድሽ ነው የሚባለው። ደግ አደረግሽ። በይ አሁን ወደ ቤት እንመለስ።»

ዕጣ ፈንታ ከሰው ላይ ሲወስድ ፈቃድ አይጠይቅም፤ የወሰደውንም አይመልስም። አንዳንዴ ግን አንዲት ትንሽ ነገር ረስቶ ይሄዳል፤ እሷንም የሚያገኛት ዝቅ ብሎ የሚፈልግ ብቻ ነው። በዚያ ቤት የስፌት መኪናው ዛሬም ይንቀጫቀጫል። የመኝታ ክፍሉ በር ግን ከማጠፊያው ተነቅሎ ወጥቷል፤ እናት ከአልጋው ሥር ጆንያውን ጎትታ፣ በባሏ መዶሻ፣ በገዛ እጇ ነቀለችው።