ሁለት ጊዜ ገና

በሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ለልደት ሦስት ቀን ሲቀር፣ ወልደተንሣኤ ከአንኮበር በታች ካለው መጫወቻ ሜዳ ዳር፣ ከእንግዳ ቤቱ አጥር ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ጋቢው ከትከሻው አልወረደም። ማጅራቱን ከኋላ ተመትቷል። አጠገቡ ደም የነካው ገና ወድቋል። ገና ስላችሁ፣ ልጆቼ፣ ጥንግ የምትባለዋ ኳስ የምትመታበትን ጫፉ ቆልማማ ዱላ ማለቴ ነው። በኛ አገር በዓሉም፣ ጨዋታውም፣ ዱላውም በአንድ ስም ይጠራሉ።

ወልደተንሣኤ መሀል ሜዳ የሚቆም ተጫዋች ነበር። ሯጭ ከፊት፣ ጉልበተኛ ከኋላ ይቆማል። መሀል የሚቆመው ግን ጥንጓን ተቀብሎ ለማን እንደሚሰጣት የሚያውቅ ሰው ነው። በጉርምስናው ለአረርቲ ተጫወተ። የጫጫ ሰዎች በሬ ሰጥተው ወሰዱት። ከጫጫ ደግሞ የአንኮበር ቡድን አባት አቶ ወልደአረጋይ በበቅሎና በእርሻ መሬት አስኮበለሉት። ዘንድሮ ለግጥሚያ መጥተው እንግዳ ቤቱ ያረፉት የደብረ ብርሃን ሰዎች ሊወስዱት ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ ሰንብቷል።

ደም የነካው ዱላ የደብረ ብርሃኑ የገብረአማኑኤል ነው። በእሳት የተተኮሰበት የመስቀል ምልክት አለው፤ ሁሉም ያውቀዋል። ገብረአማኑኤል ያነክሳል። ከአምስት ዓመት በፊት ቅልጥሙን የሰበረው ደግሞ ወልደተንሣኤ ነው። ከዚህ በኋላ ማን ይጠይቃል? ከረፋዱ በፊት እጁን የፊጥኝ ታሰረ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ደሙን ጠየቀ። በማግሥቱ ቀትር ላይ ገብረአማኑኤል ይሰጠዋል፤ እሱም ወንድሙ በሞተበት በዚያው ዱላ ይገድለዋል። የዘመኑ ፍርድ እንዲህ ነበር።

ነገሩን አጣርተው እንዲያጸኑ የተላኩት ባላምባራስ ለተጊዮርጊስ የሚባሉ ዳኛ ናቸው። አጭር፣ መፋቂያ ከአፋቸው የማይለይ ሰው። ግራ ጆሯቸውን መድፍ ደፍኖታል፤ ስለዚህ የሚያናግራቸውን ሰው ሁሉ ያስደግማሉ። በሌሉበት «ባላምባራስ ድገምልኝ» ይሏቸዋል። ያውቃሉ፤ አይከፋቸውም።

መጀመሪያ እስረኛው ዘንድ ሄዱ።

«ዱላው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሟቹስ ጠላትህ ነበር?»

«እግሬን የሰበረኝ እሱ ነው። እስክድን ድረስ ከጫጫ እየተመላለሰ ማር ያበላኝም እሱ ነው። የቱን ይዘው ይፍረዱብኝ?»

«ድገምልኝ።»

ደገመላቸው።

«ዱላህ የት አደረ?»

«ዱላ ይዞ እንግዳ ቤት አይገባም። የሁላችንም ደጃፍ ተደግፎ ነው ያደረ። ያለፈ ያገደመ ማንሳት ይችላል።»

ከዚያ ገብረአማኑኤል አቶ ወልደአረጋይ ከበሩ ላይ መቆማቸውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ባላምባራስ ደህናውን ጆሯቸውን ወደ አፉ አስጠጉ። የነገራቸውን እነሱ ሁለቱ ብቻ ሰሙ።

ምስክር አንድ ብቻ ናት፤ ሲቲ የምትባል የአሊዩ አምባ ነጋዴ። ጎሕ ሲቀድ በርበሬና ጥጥ ጭና ስትወጣ ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ ሰምታለች። ቃሏን ለደብሩ ጸሐፊ ሰጥታ፣ ሸቀጧን አራግፋ ወደ ቆላ ወረደች። ጸሐፊውም ለበዓሉ ማኅሌት ደብሩ ገብቷል። የቀረው ብጣሽ ወረቀት ነው።

ባላምባራስ ወረቀቱን ለእስረኛው ዘረጉለት። «ዳዊት ደግመሃል አሉ። ዓይኔ ደክሟል፤ አንብብልኝ።»

ገብረአማኑኤል አነበበ፦ «ሟቹ ሁለት ጊዜ ገና አለ፤ ከዚያ እንጨት የተፈለጠ ያህል ድምፅ ተሰማ።»

«ይኸው ነው!» አሉ አቶ ወልደአረጋይ ከበሩ። «ዱላው ሲነሣበት አይቶ ጮኸ። ሌላ ምን ቀረ?»

«እርስዎ ቀርተዋል» አሉ ባላምባራስ። «እስቲ እርስዎም ያንብቡልኝ።»

አቶ ወልደአረጋይ በቁጣ፣ ቃሉን እየረገጡ አነበቡ።

«ሊከዳዎት ነበር፤ አልተናደዱም?»

«ተናድጃለሁ፤ አልዋሽም። በቅሎዬን ቀምቼ በእግሩ ልሰደው ነበር። ግን እግዜር ያሳይዎ፣ ብገድለው ለልደት መሀል ሜዳ ማንን አቆማለሁ? እርስዎን? ሦስት ቀን ታግሼ፣ አጫውቼ ብገድለው አይሻለኝም?»

ባላምባራስ ሳቃቸው መጣ። መፋቂያቸውን ነክሰው አሳለፉት።

የሺጥላን ያገኙት ሜዳው ላይ ብቻውን ቁጭ ብሎ ነው። ቁመቱ አጭር፣ እግሩ ፈጣን፣ ከሟቹ በስተቀኝ የሚሰለፍ ተጫዋች ነው። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል።

«ስንት ዘመን አብራችሁ ተጫወታችሁ?»

«አሥራ አምስት ዓመት። አረርቲ አብረን፣ ጫጫ አብረን፣ እዚህም አብረን። ሰው የሺጥላ አይለኝም፤ ‹የሱ ጥላ› ነው የሚለኝ። በሄደበት ሁሉ ‹እሱን ካልወሰዳችሁ አልመጣም› ይላል። ጥንጓን ለኔ ካልሰጠ እጁን የሚበላው ይመስለዋል።»

«ደብረ ብርሃንስ አብራችሁ ልትሄዱ ነበር?»

«የደብረ ብርሃንን ነገር እኔ ምን አውቄ፣ ጌታዬ።»

«ያን ጧት የት ነበርክ?»

«ተኝቼ። በጩኸት ነው የነቃሁት።»

«ማንበብ ትችላለህ?»

«ፊደል ቆጥሬያለሁ። ዳዊት ግን አልዘለቅሁም።»

«ይበቃል። አንብብልኝ።»

የሺጥላ በጣቱ እየተከተለ፣ ቀስ እያለ አነበበ። ባላምባራስ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ።

«ድገምልኝ።»

ደገመ። ባላምባራስ ወረቀቱን አጥፈው ጉያቸው ከተቱና ተነሡ።

ወደ ሟቹ ቤት ሲገቡ ሚስቱ ቦሰና ማቅ ለብሳ መሬት ተቀምጣለች። ባላምባራስ ከምድጃው በላይ ጢስ እንዲጠግቡ የተሰቀሉ ሁለት አዳዲስ ዱላዎች አዩ። አወረዷቸው። ከአንድ ዛፍ የተቆረጡ ናቸው፤ አንደኛው ግን ስንዝር ያህል ያጥራል።

«ሁለት ለምን አስፈለገው፣ ልጄ?»

«እኔም ጠይቄው ነበር፣ ጌታዬ። ከኅዳር ጀምሮ ሲጠርባቸው ነው የከረመ። አንዱ የሱ ነው። ይኸኛው የማን ነው ስለው ‹ሲደርስ ታዪዋለሽ› ብሎ ሳቀብኝ።» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ጌታዬ፣ የማንም ሰው ደም እንዲሁ እንዳይፈስብኝ። ያ አንካሳ ልጅ ቤቴ ገብቶ እንጀራዬን የበላ ነው።»

«ለዚሁ ነው የመጣሁት» አሉ ባላምባራስ። አጭሩን ዱላ ይዘው ወጡና ወደ አሊዩ አምባ ፈረሰኛ ላኩ።

በማግሥቱ ጧት ሜዳው ላይ አውጫጭ ተቀመጠ። ወንዱም ሴቱም ተጠራ፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ የሚነሣ የለም። ገብረአማኑኤል እንደ ታሰረ መሀል ቆሟል። የሟቹ ወንድም ደም የነካውን ዱላ ጭኑ ላይ አጋድሞ ፀሐይዋን ያያል። ቀትር እየቀረበ ነው።

ፈረሰኛው ሲቲን ይዞ ደረሰ።

«የሰማሽውን ንገሪን» አሉ ባላምባራስ።

«ወላሂ፣ ጌቶች፣ ብዙ አልሰማሁም። ሁለት ሰዎች ናቸው። የአንደኛው ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፤ ጥያቄ ይመስላል፤ ቃሉን አልለየሁትም። የወልደተንሣኤን ድምፅ ግን በእንቅልፌም እለየዋለሁ፤ ገበያ ሲወርድ በርበሬዬ እያስነጠሰው ስንት ጊዜ ቀልዶብኛል!»

«ምን አለ? እሱ እንዳለው አድርገሽ በይልን።»

ሲቲ አለችው። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ይኼማ ሌላ ቃል ነው!» ብለው ጮኹ።

እንግዲህ እዚህ ላይ፣ ልጆቼ፣ ቃሉን በአፋችሁ በሉት። «ና» ጠብቃ ስትነገር በዓሉ ነው፤ ዱላው ነው። ላልታ ስትነገር ግን «አልደረሰም፣ ቆይ» ማለት ነው። ሲቲ ያለችው የላላውን ነው።

«ጸሐፊው አልተሳሳተም» አሉ ባላምባራስ። «ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። እኔም ሳነበው አጥብቄ ነው ያነበብሁት። ዓይኔ ደህና ነው፤ ደክሟል ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። ሰው በዱላ ሞቷል፣ በዓሉ ደርሷል፤ ማን አላልቶ ያነባል? ገብረአማኑኤል አጥብቆ አነበበ። አቶ ወልደአረጋይም አጥብቀው አነበቡ። አንድ ሰው ብቻ አላላው። ጆሮዬን ተጠራጠርሁና አስደገምሁት። ደግሞ አላላው። ሲቲ ቆላ ወርዳለች፤ ጸሐፊው ማኅሌት ላይ ነው። ታዲያ የሟቹን ድምፅ ማን አሰማው፣ የሺጥላ?»

የሺጥላ ብድግ አለ። «ንባቤ ደካማ ነው ብዬዎታለሁ! ባላነብ ልሰቀል ነው?»

«ንባቡ ደካማ የሆነ ሰው ፊደሉን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው የሚያነብ። አንተ አሥራ አምስት ዓመት ገና ይዘህ የኖርክ ሰው ነህ። ፊደሏን ስታይ አስቀድሞ ዱላህ ነበር ሊመጣብህ የሚገባው። የመጣብህ ግን ጆሮህ ውስጥ የቀረው ነው።»

ባላምባራስ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«አሁን ደግሞ ቆይ የሚባለው ማን ነው? የጠየቀ ሰው ነው። ጠያቂው አቶ ወልደአረጋይ ቢሆኑ ‹ጌታዬ› ሳይል አይመልስላቸውም ነበር። ሲቲ እንዲያ ያለ አልሰማችም። ገብረአማኑኤል ቢሆን የሚጠይቀው የለም፤ የደብረ ብርሃንን መልእክት የሚያመላልሰው ራሱ ነውና። የማያውቅ፣ የሚጨነቅ፣ እኩያ የሆነ ሰው ነው የጠየቀው። ምን ብለህ ጠየቅኸው?»

የሺጥላ ተመልሶ ተቀመጠ።

«‹እኔን ተቀበሉኝ?› አልሁት» አለ። «ገና አለኝ። ‹ነግረሃቸዋል ወይስ አልነገርካቸውም?› አልሁት። ያንኑ መለሰልኝና ጀርባውን ሰጠኝ። ሜዳ ላይ አንድ ቀን ጀርባውን ሰጥቶኝ አያውቅም። ሊጥለኝ መሰለኝ። ከደጁ አንዱን ዱላ አነሣሁ... የማን እንደ ሆነ እንኳ አላየሁም።»

«ገብረአማኑኤል ሲታሰር ግን አየህ» አሉ ባላምባራስ። የሺጥላ አንገቱን ደፋ።

የእስረኛውን ገመድ አስፈቱ። ከዚያ አጭሩን አዲስ ዱላ ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ለየሺጥላ ሰጡት።

«ቁምና ለካ።»

ገና በባለቤቱ ዳሌ ነው የሚለካው። የሺጥላ ቆመ፤ ዱላው ከዳሌው ላይ ልክ አረፈ። ቦሰና ከሴቶቹ መካከል «ወይኔ!» አለች፤ የማን እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባት።

ገብረአማኑኤል የተገዘገዘ እጁን እያሸ ቀረበ። «ለባላምባራስ ትናንት ነግሬያቸዋለሁ» አለ። «ብቻህን ና ብለነው እምቢ አለ። ‹እሱ ከሌለ ጥንጓን ለማን እሰጣለሁ?› አለን። የቡድናችን አባት ‹መክረን እንመልስልሃለን› አሉት። አልዋሸህም፣ የሺጥላ። መልሱ አልደረሰውም ነበር።»

የሺጥላ ዱላውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቀና አለ።

«መከራችሁ ታዲያ?»

ገብረአማኑኤል ሲናገር ድምፁ ከአፉ የወጣም አይመስልም።

«እሺ ልንለው ስንፈልገው ነው ሬሳውን ያገኘነው።»

ባላምባራስ ለተጊዮርጊስ በተደፈነው ጆሯቸው በኩል ነበር የተነገረው። ያን ጊዜ ብቻ ግን ድገምልኝ አላሉም።