አዲስ ቃታ የተገጠመላት አሮጌ ሽጉጥ

ቨርሊን ስቶዳርድ ከጋራዡ ጀርባ፣ ሽጉጥ ሲሞክር ጥይት የሚያስቆምለት የአፈር ክምር ፊት፣ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ደረቱን ተመቷል። የተኩስ ድምፅ የሚያፍን የጆሮ መከላከያ አጥልቋል፤ አሮጌዋ ሽጉጥ አጠገቡ ወድቃለች። መርማሪ ኦፓል ትራስክ ስታጎነብስ ጉልበቷ ቋ አለ። በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ሬሳ ማየት ከሰለቻት ቆይቷል፤ ጡረታዋን ነው የምትጠብቀው። ጠጋ ስትል ከመከላከያው ሥር ቀጭን ፉጨት ሰማች። አንስታ ሁለቱንም ጆሮዎቹን አየችና ተነሳች።

የልጅ ልጁ ዴልፊያ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። «ሞላዋንም ቃታዋንም የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ባርቃበት ነው። አብረን ልንሞክራት ነበር፤ ገበያ ደርሼ እስክመጣ ጠብቀኝ ብዬው ነበር። አባባ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም።»

ጎረቤቱ ክሊት ባርኔጣውን ያሻሻል። «አንድ ተኩስ ሰምቻለሁ። እዚህ ቤት ተኩስ ብርቅ ነው እንዴ? ዝም አልኩ። እንግዲህ ከማን ጋር ልነታረክ? ከገና ወዲህ እኮ በሹክሹክታ ባማው እንኳ ሰምቶ ይመልስልኝ ነበር።»

የቨርሊን ወንድም ልጅ ሮይስ ዓመት ሙሉ ቴክሳስ ነዳጅ ሲቆፍር ከርሞ ገና መመለሱ ነው።

«ጠዋት ሰላም ብዬው ወጣሁ። እሱን ማናገር ጉሮሮ ይፈልጋል፤ ጆሮው ድንጋይ ነው። ሽጉጧ የሟች አባቴ ናት። ሞርደው አዲስ አስመሰሏት። የአባት ቅርስ እንዲህ ይደረጋል?»

በማግስቱ ኦፓል ሦስቱን ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እሷ ሳጥን ላይ ተቀመጠች፤ መቆም አድክሟታል።

«ሽጉጧን ባለሙያ ፈትሿታል። እንከን የላትም። ስለዚህ ወደ ሰውየው እንምጣ። ቨርሊን ከገና ወዲህ በሁለቱም ጆሮዎቹ ውስጥ የሚገባ ትንሽ የመስሚያ መሣሪያ ነበረው። ሊተኩስ ሲል ምን ያደርገው ነበር?»

«አውጥቶ ኪሱ ይከተዋል» አለች ዴልፊያ። «መከላከያ ሲደረብበት ያፏጫል፤ ፉጨቱን አይችለውም።»

«ትናንት ግን ሁለቱም መሣሪያዎች ጆሮው ውስጥ እያፏጩ ነበር። ሊተኩስ አላሰበም ማለት ነው። ሽጉጧ ባርቃበት እንዲመስል መከላከያውን ከሞተ በኋላ ያጠለቀለት፣ መሣሪያው መኖሩን የማያውቅ ሰው ነው። ዴልፊያ ራሷ ናት ያስገጠመችለት። ክሊትም ያውቃል። ጆሮው ድንጋይ ነው ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ፣ ሮይስ። ፉጨቱንም አልሰማህም፤ ጆሮህን ሳትሸፍን ተኩሰህ ጭው ብሎብህ ነበር።»

ሮይስ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር» አለ። «አይሰማም ብዬ ያላልኩት ስድብ የለም። ዞር አለና ‹በቃ፣ ውሰዳት› ብሎ ሽጉጧን ዘረጋልኝ። ያሾፈብኝ መሰለኝና ተቀብዬ ተኮስኩበት። ለካስ ስድቤን ሁሉ ሰምቶ ነው።»

ኦፓል ክንዱን ይዛ ስትወጣ ዴልፊያ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«ቃታዋን በደንብ ነው የገጠምኩት?»

«በደንብ ነው የገጠምሽው፣ ልጄ።»

ዴልፊያ ዘይት ያልለቀቀውን እጇን አየችው። ከዚያ እዚያው ቁጭ ብላ፣ አሁን ለአያቷ ብቻ አለቀሰች።