ከኳሱ ውጤት በፊት

«እርማት የሚነበበው መጨረሻ ላይ ነው። አለቀ፣ ደቀቀ!» አለ አለቃ፣ ወረቀቱን ከሌሎቹ ሥር እየወሸቀ።

አለቃ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አዘጋጅ ነው፤ ከተሾመ ወዲህ በስሙ የሚጠራው የለም። ዜና አንባቢዋም «ራዲዮ» ከተባለች ቆይታለች። አፏ ስለማይዘጋ።

«መጨረሻ ላይ እኮ ደወል ይደወላል!» አለች ራዲዮ። «ማን ይሰማኛል? ግድግዳው?»

«ታዲያስ! ለዚህ አይደል መጨረሻ ላይ የሆነው?»

ልትስቅ ፈለገች። ሳቁ አልመጣላትም።

ትናንት በዚሁ ማይክ «የሻይ ክበቡ ሳንዱች ሦስት ተማሪዎችን አሳመመ» ብላ አንብባለች። ዜናውን ያመጣችውም እሷው ናት። ሆዳቸውን የታመሙትን ሦስት ኳስ ተጫዋቾች «ምን በላችሁ?» ብላ ጠየቀች፤ ሦስቱም «ሳንዱች» አሉ። በቃ፣ እየበረረች መጣች። «ምን ጠጣችሁ?» ብላ ማን ይጠይቅ! ከልምምድ በኋላ ከአትክልት ማጠጫው ጎማ እየተሻሙ መጠጣታቸውን ዛሬ ጠዋት ያወጣጣቻቸው ነርሷ ናት። ሳንዱቹንማ ግማሹ ትምህርት ቤት በልቶት ምንም አልሆነም።

በመጀመሪያው እረፍት ራዲዮ ወደ ክበቡ ሄዳ ነበር። ተማሪው የሚጋፋበት መስኮት ጭር ብሏል። ዳቦው በጨርቅ እንደተሸፈነ ነው።

«እትዬ፣ ይቅርታ... ትናንት ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

ባለ ክበቧ ቀና ብለው አዩዋት። «በድምፅሽ አወቅኩሽ። ደግሞ ሲያምር! እኔ ራሴ አምኜሽ ዳቦዬን ሁለቴ አሸተትኩት» አሉ። ከዚያ ጨርቁን እያስተካከሉ፣ «ዳይሬክተሩ ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ግን ተማሪው ካልተመለሰ ክበቡን ለሌላ ሰው መስጠቴ አይቀርም ብለውኛል።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ስሚ እንጂ» አለ አለቃ አሁን፣ ለስለስ ብሎ። «እርማት ካስቀደምን ነገ ማን ያምነናል? ሙድ ነው የሚይዙብን።»

«ይያዙብኝ! እሳቸው ግን...» ቃል ጠፋት። ራዲዮ ቃል ሲጠፋት አለቃ አይቶ አያውቅም።

ሰዓቱ ደረሰ። ግቢው በሙሉ የክፍሎቹን የኳስ ውጤት ሊሰማ ከድምፅ ማጉያው ሥር ተኮልኩሏል። ራዲዮ ወረቀቶቹን ተቀበለችና የታችኛውን ስባ አወጣች። አለቃ እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ፤ ግን አልነካውም።

«ጤና ይስጥልኝ። ከኳሱ ውጤት በፊት...»

«ኤጭ!» አለ ግቢው። አልቆመችም።

«ትናንት ስለ ክበቡ ሳንዱች የነገርኳችሁ ስህተት ነው። ልጆቹ የታመሙት የአትክልት ማጠጫ ውሃ ጠጥተው ነው። በደንብ ሳልጠይቅ ያወራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። እኔ፣ ራዲዮ!»

የሳቁ ነበሩ፤ ያፏጩም ነበሩ። ከመስኮቱ ማዶ አንድ ልጅ «ምን አለች?» እያለ ጓደኛውን ይጎትታል።

አለቃ በረጅሙ ተነፈሰና የማጉያውን ድምፅ ከፍ አደረገላት። ራዲዮ እርማቱን እንደገና ከላይ ጀመረች፤ አሁን ቀስ ብላ።