በዘጠኝ ሆስፒታሎች ፊት

ፊቱ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል የያዘችው እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ።

እሱ ነው! ስድስት ዓመት ሙሉ ስሙ ሲነሳ ክፍል ጥላ የምትወጣበት ሰው፣ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ከባሕር ማዶ ሆኖ ፈገግ ብሏል።

«እንደምን ዋላችሁ። ለአንድ ዓመት የልጆች ካንሰር ሕክምናን በርቀት አብረን እንማራለን። ዘጠኝ ሆስፒታሎች ናችሁ። እስቲ በየተራ ራሳችሁን...»

የእሷ ተራ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ። አጠገቧ ያሉት ነርሶች መስመሩ የተበላሸ መስሏቸው ገመዱን ነካኩ። መስመሩ ግን ደህና ነበር።

«ደህና... ደህና ነሽ?» አለ በመጨረሻ።

«ደህና ነኝ፣ መምህር። እርስዎስ?»

«እርስዎ» ስትለው ፊቱ ጥፊ እንዳረፈበት ሰው ሆነ።

የሕፃናት ሐኪም ናት። ሥራ ላይ ቀልድ ስለማታውቅ ነርሶቹ በሌለችበት «እሾህ» ይሏታል። ድሮ ግን እሾህ አልነበረችም። አብረው ተምረዋል፣ ለመጋባትም ተነጋግረው ነበር። ከዚያ ውጭ አገር ሄዶ በልጆች ካንሰር ስፔሻሊስት ለመሆን አንድ ቦታ ተገኘ። ፈተናውን እሷ አንደኛ፣ እሱ ሁለተኛ ወጡ። የእናቷ ሕመም እያሳሰባት ለጉዞው ስትዘጋጅ፣ በስሟ የተፈረመ «ዕድሉን በፈቃዴ ትቼዋለሁ» የሚል ደብዳቤ ቢሮ መግባቱን ሰማች። እሷ አልጻፈችውም። እሱ በእሷ ቦታ አስቀድሞ መሄዱን ስታውቅ ግን ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው መጠየቅ አላስፈለጋትም። ስልክ ቁጥሯን ቀየረች፣ እሱ የላካቸውን ደብዳቤዎች ሳትከፍት ቀደደች።

«ቀን ይውጣልኝ እንጂ አሳይሃለሁ!» ብላ ማለች።

ቀኑ በትምህርቱ በሦስተኛው ወር ወጣላት።

የደም ካንሰር ያለባት የአራት ዓመት ልጅ እሷ በምታክምበት ዋርድ ውስጥ ተኝታ ነበር፤ እናቷ «ድንቡሼ» ትላታለች። የዚያን ቀን መምህሩ የመድኃኒቷን መጠን ለሁሉም እያሳየ አሰላ። ያሰላው ግን በድሮው ክብደቷ ነው። ልጅቷ ሦስት ኪሎ ቀንሳለች። ሐኪሟ ይህን ገና ሲጀምር አይታዋለች። በግል መልእክት ልትነግረው ትችል ነበር። ዝም ብላ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«መምህር፣ ልጅቷ እኮ ሦስት ኪሎ ቀንሳለች። በዚህ መጠን ልንገድላት ነው?»

ዘጠኙም ሆስፒታሎች ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። እሱ ቁጥሩን አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ልክ ነሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ።

ይህ አልበቃትም። ለትምህርቱ ኃላፊ ሪፖርት ስትጽፍ «ስህተቱ የመጀመሪያው አይደለም» የምትል አንድ መስመር ጨመረች። ውሸት ነበር። በሳምንቱ ከማስተማር ታገደ። ምትክ እስኪገኝም ትምህርቱ ቆመ።

ልቧ ቅቤ ጠጣ። አንድ ሳምንት ብቻ!

በስምንተኛው ቀን ረፋድ ላይ ድንቡሼ ሆዷ ተነፋ፣ ትኩሳቷ አርባ ገባ። ቀዶ ሐኪሙ «ትርፍ አንጀት ነው፣ አሁኑኑ ትከፈት» አለ። እሷ ልቧ አላመነም። የምትጠይቀው ሰው ቢኖር ራሷ ያሳገደችው ሰው ብቻ ነበር።

«ዶክተርዬ፣ ልጄን...» አለች እናትየው፣ ጋውኗን ይዛ።

ኩራቷን ዋጥ አድርጋ በትምህርቱ መመሪያ ላይ ወዳለው ቁጥሩ ደወለች። ወዲያው አነሳው። ሁኔታውን ነገረችው።

«ነጭ የደም ሴሏ ስንት ነው?»

«የለም ማለት ይቻላል።»

«እንዳትከፈት! አንጀቷ ነው የቆሰለው፤ መከላከያ የሌለው ሰውነቷ ቀዶ ጥገናውን አይችለውም። በአፏ ምንም አትስጧት፣ ጸረ-ባክቴሪያውን በደም ሥሯ ጀምሩላት። ስልኩን ለቀዶ ሐኪሙ ስጪው። እኔ የትም አልሄድም።»

አራት ቀን ሙሉ ከስልኩ አልተለየም። በአራተኛው ቀን ድንቡሼ ዓይኗን ገልጣ «እማ፣ ራበኝ» አለች። እናትየው እልል አለች።

ሐኪሟ ቢሮዋን ዘግታ እንደገና ደወለች።

«ያን ሁሉ አድርጌብህ ለምን አነሳኸው?»

«ስድስት ዓመት የጠበቅኩትን ስልክ?»

«ደብዳቤውን ለምን ጻፍከው ታዲያ?»

«እኔ?... ታላቅ ወንድምሽ ነው ያሳየኝ። ‹እናታችን ታማለች፣ እህቴ ራሷ ለመቅረት ወስናለች፣ ቁስሏን አትንካባት› አለኝ።»

«አመንከው?»

«ማመን ፈለግኩ። ብጠይቅሽ እውነቱን ትነግሪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። መሄድ ፈልጌ ነበር። የእኔ ጥፋት ይሄ ነው... በማንም አላመካኝም።»

ስልኩን ዘግታ ቀጥታ ወደ ወንድሟ የእንጨት ሥራ ቤት ሄደች።

«ጋሼ፣ ደብዳቤውን የጻፍከው አንተ ነህ?»

መጋዙን አቆመ። «እናታችን እየሞተች ነበር፣ እቴ። ብትሄጂ ማን...»

«ብትጠይቀኝ እኔ ራሴ ቀርቼ አስታምማት ነበር! አንድ ዓመት አቆዩልኝ ብዬ እለምናቸው ነበር! አንተ ግን ዕድሜዬን በአንድ ወረቀት ቆረጥከው!»

ዘመድ በተሰበሰበበት ቆሞ በገዛ አፉ እስኪናዘዝ ድረስ አራት ወር ደጁን አልረገጠችም።

የራሷ ኃጢአት ግን ቀረ። በዚያው ሳምንት የትምህርቱን ኃላፊ ለምና ዘጠኙን ሆስፒታሎች አሰበሰበች። እሱም ስክሪኑ ላይ ነበር።

«ሪፖርቱ ላይ ዋሽቻለሁ» አለች። «ስህተቱ አንድ ብቻ ነበር። እሱንም እያየሁ ዝም ያልኩት በሁላችሁ ፊት ላዋርደው ብዬ ነው። በቀል ነበር።»

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፣ እሱም ወደ ማስተማሩ ተመለሰ።

በዓመቱ መጨረሻ ሊፈትናቸው በአካል መጣ። ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት።

«አንደኛ ወጣሽ።»

«ያኔም አንደኛ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። ቦታሽን መመለስ አልችልም። ግን እዚህ ሥራ አመልክቻለሁ... በአንቺ ሥር።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ቶሎ ብላ ዞረች።

«ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ! ቂሜ ገና አልወጣልኝም።»

«ስንት ጊዜ ይፈጅብሻል?»

«ዕድሜ ልኬን!»

«የት ሆነሽ ልትበቀዪኝ ነው?»

ከሰባት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችለት።

«እቤቴ።»

ከዚያ በሦስተኛው ወር ተጋቡ። ወንድሟም ተጠርቶ መጣ፤ ሙሽራውን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ እሷም የወንድሟን እጅ ያዘች። ማግስቱ ሰኞ ነበር። ዋርዱ አሥራ አንድ ልጆች ተኝተውበት ስለነበር ሙሽሮቹ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጋውናቸውን ለብሰው ገቡ።